የአውቶቡስና የትልቅ ሞተርሆም ጎማ ስንት ንፋስ ይፈልጋል?

«ስንት ልሙላው?» ብሎ ጎሚስታው ሲጠይቅ ብዙ ሾፌር ከሁለት አንዱን ይመልሳል። ወይ «ጎማው ላይ የተጻፈውን» ይላል፣ ወይ ከእሱ በፊት የነበረው ሾፌር ይሞላ የነበረውን ቁጥር ይደግማል። ሁለቱም መልሶች መኪናው ስንት ኪሎ እንደተሸከመ አይጠይቁም። ዋናው ጥያቄ ግን እሱ ነው። ጭነቱን በአብዛኛው የሚሸከመው ውስጥ የታመቀው ንፋስ ነው፤ የላስቲኩና የሽቦው ሥራ ንፋሱን አቅፎ መያዝ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር የሚጀምረው ከሚዛን ነው።

ለትንሽ መኪና ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፤ በሩ ሥር የተለጠፈው ቁጥር ይበቃል። ሞተርሆም፣ ማለትም መኝታና ወጥ ቤት ያለው መኪና፣ ግን የሰው ቤት ነው። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት መኪኖች አንዱ መጽሐፍና የሥራ መሣሪያ ሞልቶት፣ ሌላው ባዶውን ሊሄድ ይችላል። አውቶቡስም ጠዋትና ማታ አንድ ዓይነት አይጭንም።

ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። እስከ 160 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) የሚያነብ የንፋስ መለኪያ ያዙ፤ የትንሽ መኪና መለኪያ ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። የኋላው ጎማ ድርብ ከሆነ፣ ማለትም በአንድ ጎን ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ከተገጠመ፣ ጫፉ በሁለት አቅጣጫ የሚገጥም፣ ረዘም ያለ መለኪያ ግዙ። በአጭር መለኪያ የውስጠኛውን ጎማ ቫልቭ ለማግኘት የሚደረገው ትግል ሰውን ያሰለቻል፣ ያሰለቸው ሰው ደግሞ መለካት ይተዋል። ሌላው የጎማው አምራች የሚያወጣው የጭነትና የንፋስ ሠንጠረዥ ነው። ማስታወሻ ደብተርም አትርሱ።

ደረጃ 1፦ ጎማውንና የመኪናውን ሰሌዳ ማንበብ

ምሳሌ እንያዝ። በትልልቅ አውቶቡሶች ላይ በብዛት የሚታይ መጠን 295/80 አር 22.5 ነው። ከጎኑ 152/148 ኤም የሚል ጽሑፍ አለው እንበል። 152 ጎማው ብቻውን ሲሠራ የሚሸከመውን ክብደት ያመለክታል፤ 3,550 ኪሎ ነው። 148 ደግሞ በድርብ ሲገጠም እያንዳንዱ ጎማ የሚችለው ነው፤ 3,150 ኪሎ። ልዩነቱ ያለምክንያት አይደለም። ድርብ ጎማዎች ጭነቱን እኩል አይካፈሉም፤ መንገዱ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ወይም ከሁለቱ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ድርሻውን ይወስዳል። ለዚህ ነው አቅማቸው ዝቅ ተደርጎ የሚሰላው። ኤም የፍጥነት ገደብ ነው፤ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር።

ከዚያ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ፈልጉ። ከፍተኛው ጭነት ከነንፋሱ እዚያ አለ። 850 ኪሎፓስካል ቢል 8.5 ባር ወይም 123 ፒኤስአይ ገደማ ማለት ነው። አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ፣ 100 ኪሎፓስካል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ያ ቁጥር ጎማው 3,550 ኪሎውን ሙሉ በሙሉ ለመሸከም የሚያስፈልገው ንፋስ ነው። የእናንተ መኪና በዚያ ጎማ ላይ 2,700 ኪሎ ብቻ ካሳረፈ 123 አያስፈልገውም። ሞልታችሁት ብትሄዱ ጎማው መንገዱን የሚነካው በመሃሉ ብቻ ይሆናል። መሃሉ ቶሎ ያልቃል፣ እርጥብ መንገድ ላይ የፍሬን ርቀት ይረዝማል፣ ውስጥ ያለው ሳህንና ብርጭቆ ሁሉ ሲንኳኳ ይውላል።

የመኪናው አምራች የለጠፈውን ሰሌዳም አንብቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በኩል ነው። እያንዳንዱ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎች የሚገጠሙበት ዘንግ) የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደትና የሚመከረው ንፋስ ይጻፍበታል። ይህ ንፋስ የተሰላው አክስሉ ሙሉ ጭነቱን እንደያዘ ተቆጥሮ ነው። ሚዛን እስክታገኙ ድረስ በዚህ ቁጥር ሂዱ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፦ ጎማው ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መጠንና አንድ የጭነት ደረጃ መሆን አለበት። ቀድሞ የነበረው ባለቤት ሌላ መጠን አስገጥሞ ከሆነ ሰሌዳው ለእናንተ ጎማ አይሠራም።

እግረ መንገዳችሁን ዕድሜውንም እዩ። ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ማለት የ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ሞተርሆም ብዙ ስለሚቆም ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል። ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ማስመርመር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ጥርሱ ሙሉ ቢመስልም መቀየር ነው። ያረጀ ጎማ ላይ ትክክለኛ ንፋስ መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ሚዛን ላይ መውጣት

ከሁሉም ደረጃ የሚዘለለው ይሄ ነው፤ ከሁሉም የሚጠቅመውም ይሄው።

መኪናውን ባዶውን አትመዝኑ። ለጉዞ እንደምትወጡ አድርጋችሁ ጫኑት። ነዳጁ ሙሉ፣ የውኃ ታንከሩ ሙሉ፣ ጋዙ፣ ዕቃው፣ ሰዉም በየመቀመጫው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ የ400 ሊትር ታንከር ሲሞላ 400 ኪሎ አንድ ቦታ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ታንከሩ ከኋላው አክስል በስተኋላ ከሆነ የኋላውን ከማክበዱም በላይ የፊቱን ያቀላል።

የጭነት መኪና ሚዛን ላይ መጀመሪያ የፊት አክስሉን ብቻ አውጡና ቁጥሩን ያዙ። ቀጥሎ መኪናውን በሙሉ። በመጨረሻ የፊቱ ከሚዛኑ ወርዶ የኋላው ብቻ ይቅር። የፊቱና የኋላው ድምር ከጠቅላላው ጋር በጥቂት ኪሎ ካልተቀራረበ አንዱ ላይ ስህተት አለ፤ ድገሙት። ከኋላው አክስል አጠገብ ተጨማሪ አክስል ያለው መኪና ከሆነ እሱን ለብቻው መመዘን ይሻላል።

እዚህ ጋ አትቁሙ። አክስሉ 6,400 ኪሎ መዘነ ማለት ግራና ቀኙ 3,200 እኩል ተካፈሉ ማለት አይደለም። ሞተርሆም ውስጥ ማቀዝቀዣው፣ ወጥ ቤቱ፣ ጄኔሬተሩና ባትሪው ወደ አንድ ጎን ሊያጋድሉ ይችላሉ። ወደ ውጭ የሚወጣ ክፍል ያለው ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ እያንዳንዱን የጎማ ቦታ ለየብቻው አስመዝኑ። ተንቀሳቃሽ የጎማ ሚዛን ያለው ባለሙያ ካገኛችሁ ሥራው ይቀላል። ካላገኛችሁ፣ የሚዛኑ ኃላፊ ከፈቀደና ዳር ዳሩ ከመሬቱ እኩል ከሆነ፣ የአንድ ጎን ጎማዎችን ብቻ ሚዛኑ ላይ አድርጎ እንደገና አክስል በአክስል መመዘን ይቻላል። የሌላውን ጎን በመቀነስ ታገኙታላችሁ። መኪናው ካዘነበለ ቁጥሩ ስለሚዛባ መሬቱ ደልዳላ መሆን አለበት።

ቁጥሮቹን ሰሌዳው ላይ ካለው የአክስል ገደብ ጋር አስተያዩ። ካለፈ ንፋስ መጨመር አያድነውም። ፍሬኑም፣ ሱስፔንሽኑም፣ ቸርኬውም የተሠሩት ለዚያ ገደብ ነው። ዕቃ ይውረድ፣ ወይም ከኋላ ወደ ፊት ይዘዋወር።

ሕዝብ የሚጭን አውቶቡስ ላይ ግን ተሳፋሪን ደርድሮ ማስመዘን ዘበት ነው። ስለዚህ የሰሌዳውን ከፍተኛ የአክስል ክብደት እንደ ጭነት ውሰዱ። አውቶቡሱ አንድ ቀን መሙላቱ አይቀርም፤ በዚያን ቀን ደግሞ ንፋስ ለመጨመር ጊዜ ያለው ሾፌር የለም።

ደረጃ 3፦ ከክብደት ወደ ንፋስ

ወደ አምራቹ ሠንጠረዥ ሂዱ። የጎማችሁን መጠንና የጭነት ደረጃ የያዘውን መስመር ፈልጉ። ለነጠላና ለድርብ የተለያየ ዓምድ አለ፤ እንዳታደባልቁ። አንዳንዱ ሠንጠረዥ የሚጽፈው የአንድ ጎማን ጭነት ነው፣ አንዳንዱ የአክስሉን ሙሉ ጭነት። ይህን ሳያጣሩ ቁጥር መውሰድ በእጥፍ ሊያሳስት ይችላል። ግርጌው ላይ የፍጥነት ማስታወሻ ካለም አንብቡት።

ደንቡ አንድ ነው፦ በአንድ አክስል ላይ ያሉ ጎማዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ንፋስ ይያዙ፤ ንፋሱንም የሚወስነው የከበደው ጎን ነው። ቀላሉን ጎን ዝቅ ማድረግ መኪናውን በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ጎን ሊጎትተው ይችላል።

ምሳሌያችንን እንሥራው። የፊቱ አክስል ግራ 3,300፣ ቀኝ 3,100 ኪሎ መዘነ። የምንወስደው 3,300ን ነው። ይህ ከ3,550 ኪሎው 93 በመቶ ገደማ ነው። የሚያስፈልገው ንፋስ ወደ 7.8 ባር፣ 113 ፒኤስአይ ይመጣል። አክስሉን ብቻ መዝነን ለሁለት አካፍለን ቢሆን ኖሮ 3,200 ኪሎ ብለን 108 እንሞላ ነበር። የከበደው ጎን በየጉዞው አምስት ፒኤስአይ ጎድሎት ይሄድ ነበር ማለት ነው።

የኋላው ድርብ ነው። ግራ 5,700፣ ቀኝ 5,300 ኪሎ። 5,700 ለሁለት ሲካፈል በአንድ ጎማ 2,850 ኪሎ ይደርሳል። ከ3,150 ጋር ሲተያይ 90 በመቶ ትንሽ ያልፋል። ንፋሱ 7.5 ባር፣ 109 ፒኤስአይ ገደማ።

ሠንጠረዥ እስኪገኝ በግምት ለማስላት የሚረዳ ነገር ልስጣችሁ። ጭነትና ንፋስ እኩል እኩል አይወርዱም፤ ንፋሱ ትንሽ ፈጠን ብሎ ይወርዳል። ጭነቱ ከጎማው አቅም 90 በመቶ ሲሆን ንፋሱ ከፍተኛ ጭነቱ ከሚጠይቀው ንፋስ 88 በመቶ ያህል ነው። ጭነቱ 80 ሲሆን ንፋሱ 76፣ ጭነቱ 70 ሲሆን ንፋሱ 64። ቀደም ሲል ያነሳነው 2,700 ኪሎ የሚሸከም ጎማ 76 በመቶ ላይ ነው፤ 6 ባር ወይም 88 ፒኤስአይ ይበቃዋል። በዚህና በ123 መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ተመልከቱ። ይህ ግን ለማመሳከሪያ ነው። የአምራቹ ሠንጠረዥ ሌላ ካለ የእሱ ይበልጣል። ሠንጠረዡ ከሚጀምርበት ዝቅተኛ ቁጥር በታችም መኪናው የቱንም ያህል ቢቀል አትውረዱ።

ደረጃ 4፦ ትንሽ ትርፍ፣ ከጣሪያው በታች

ባገኛችሁት ላይ አምስት ፒኤስአይ ያህል ጨምሩ። በምሳሌው የፊቱ 118፣ የኋላው 114 ይሆናል። ይህ ትርፍ ድንገት የተጫነውን ዕቃ፣ የመለኪያውን ጥቃቅን ስህተትና በየሳምንቱ የሚያመልጠውን ንፋስ ይሸፍናል። ከዚያ በላይ መጨመር ምቾት ከመቀነስ አልፎ ትርፍ የለውም።

ጣሪያው ሁለት ነው፦ ጎማው ላይ የተጻፈውና ቸርኬው ላይ የተጻፈው። ቸርኬውን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። አቅም ያለው ጎማ አቅም በሌለው ቸርኬ ላይ ተገጥሞ ከሆነ ወሳኙ ዝቅተኛው ቁጥር ነው። ሒሳቡ ከቸርኬው ገደብ በላይ ንፋስ ከጠየቀ ወይ ጭነቱ ይቀንስ ወይ ቸርኬው ይቀየር።

ደረጃ 5፦ ጎማው ሲቀዘቅዝ መለካት

እስካሁን ያወራነው ቁጥር ሁሉ የቀዝቃዛ ጎማ ነው። ቀዝቃዛ ማለት ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመና ፀሐይ ያልመታው ነው። ጥሩው ሰዓት ማለዳ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንዱ ጎን ሞቆ ሌላው ጥላ ውስጥ ከሆነ መለኪያው የሌለ ልዩነት ያሳያችኋል።

100 ፒኤስአይ አካባቢ የተሞላ ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለወጥ ንፋሱ ወደ አራት ፒኤስአይ ይለወጣል። ስለዚህ ከቆላ ተነስታችሁ ደጋ ካደራችሁ ማለዳ ላይ ቢቀንስ አትደንግጡ፤ ጎማው ተበስቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ከፍታው ራሱ ትንሽ ያካክሳል። መለኪያው የሚያነበው በውስጥና በውጭ መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ 1,000 ሜትር ስትወጡ አንድ ተኩል ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ይህን ሁሉ በራሳችሁ ማስላት አያስፈልግም። ባደራችሁበት ቦታ፣ በዚያ ማለዳ፣ ቁጥሩን አስተካክሉ፤ አለቀ።

ከተነዳ በኋላ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጨመር የተለመደ ነው። ሠንጠረዡ ይህን ቀድሞ አስቦበታል። መንገድ ላይ ለክታችሁ «በዝቷል» ብላችሁ አታስነፍሱ። ያን ካደረጋችሁ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኙታላችሁ፤ በነጋታው የጎደለው ጎማ አብዝቶ እየተጣጠፈ የባሰ ይግላል።

የናይትሮጅን ነገርም ይጠየቃል። ተራው አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ንጹሕ ናይትሮጅንም ሲሞቅ ይጨምራል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል። በነፃ ከሰጧችሁ ተቀበሉ።

ደረጃ 6፦ መሙላት

ለመሙላት ከምትፈልጉት ቁጥር በላይ መግፋት የሚችል ኮምፕረሰር ያስፈልጋል። ለትንሽ መኪና የሚሆነው 110 ላይ ሲደርስ ያቃስታል፣ ከዚያ ያቆማል። የንፋስ ፍሬን ያለው መኪና ከራሱ ታንከር መሙላት ይችላል፤ ነገር ግን የፍሬኑ ሲስተም ራሱ 120 ፒኤስአይ አካባቢ ስለሚቆም ለጎማው የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች በጣም ቀስ ብለው ነው የሚመጡት።

አንድ ነገር ግን በዋዛ እንዳታልፉት። ጎማው ከሚያስፈልገው ንፋስ 80 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ከተነዳ፣ ለምሳሌ 110 የሚፈልገው 88 ላይ ከተገኘ፣ እንደ ተነፈሰ ጎማ ነው የሚቆጠረው። እዚያው መንገድ ዳር አትሙሉት። በጎኑ ያሉት የብረት ሽቦዎች ተጣጥፈው ተሰባብረው ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ አይታይም። ንፋስ ሲገባበት ጎኑ እንደ ዚፕ በአንዴ ይተረተራል፣ ኃይሉም ሰው ይገድላል። ይፈታ፣ ውስጡ ይመርመር፣ ሲሞላም በብረት ቀፎ ውስጥ ይሁን። ደህና ጎማ ስትሞሉም ረጅም ቱቦና ቫልቩን ራሱ ነክሶ የሚይዝ ጫፍ ተጠቀሙ፤ ከጎማው ጎን ፊት ለፊት አትቁሙ።

ድርብ ጎማዎች ላይ የሁለቱ ልዩነት ከአምስት ፒኤስአይ አይለፍ። የጎደለው ይንከረፈፋል፣ የሞላው የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይበላሻሉ። በብረት እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ የቆየ ልማድ ነው። ባዶውን ከሙሉው ይለያል እንጂ 110ን ከ85 አይለይም። የውስጠኛው ጎማ ላይ የሚቀጠል ቱቦ ካስገጠማችሁ መያዣው የጠበቀ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሲንቀጠቀጥ እየላላ ንፋስ የሚያስወጣ ብዙ አለ። የቫልቭ ክዳኑ ብረት ሆኖ ውስጡ ጎሚኒ ያለው ይሁን።

መንገድ ላይ ጎማው ሞቆ ሳለ መሙላት ግድ ከሆነና ጉድለቱ ትንሽ ከሆነ በዚያው አክስል ላይ ካለው ደህና ጎማ ጋር አስተካክሉት። በማግስቱ ማለዳ በቀዝቃዛው እንደገና ለኩት።

ደረጃ 7፦ መከታተል

ሞተርሆም በጉዞ ላይ ከሆነ በየቀኑ ማለዳ መለካት ጥሩ ነው። ቆሞ ከከረመ ከመነሳቱ በፊት የግድ ነው። አውቶቡስ ላይ ሥራው የዕለት ፍተሻው አካል ይሁን። ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ጻፉ። ሌሎቹ ሳይለወጡ አንዱ ጎማ ብቻ በየጊዜው የሚወርድ ከሆነ ቫልቭ፣ ቸርኬ ወይም ሚስማር ነው።

በየቫልቩ የሚገጠም የንፋስ መቆጣጠሪያ ሴንሰር ለእንዲህ ዓይነት መኪና ገንዘቡን የሚያወጣ ዕቃ ነው፤ በተለይ ሾፌሩ ከኋላ የሚሆነውን በማያይበት ረጅም መኪና። ማስጠንቀቂያውን ያለ ትርፉ ለክብደቱ ከሚያስፈልገው ቁጥር ብዙ አታርቁት። ዝቅ አድርጋችሁ 80 በመቶ ላይ ካስቀመጣችሁት ሲጮኽ ጎማው አልቆለታል። ስትነዱ የሚያሳየው የሞቀውን ንፋስ መሆኑንም አስታውሱ፤ ለክብደት የሚመሳከረው የማለዳው ነው።

የጎማው ዓይነት ወይም መጠን ሲቀየር ከደረጃ 1 ጀምሩ። መኪናው ውስጥ ከባድ ነገር ሲገባ፣ ለምሳሌ ተጨማሪ ባትሪ ወይም ከኋላ ሞተር ሳይክል ሲጫን፣ እንደገና ሚዛን ላይ ውጡ። ስኮርታውንም (መጠባበቂያ ጎማውን) አትርሱ። የፊቱም የኋላውም ቦታ ሊያርፍበት ስለሚችል ከአክስሎቹ ከፍተኛውን ቁጥር ሙሉበት፤ በምሳሌው 118። መንገድ ላይ ማስነፈስ በሁለት ደቂቃ ያልቃል፣ መጨመር ግን ኮምፕረሰር ይጠይቃል።